አራት ቢራ ቀምሼ አንዱንም ሳልለይ ወጣሁ፤ የክራፍት ቢራን አቀማመስ የሚያውቅ ያስረዳኝ

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ዓርብ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በዋሽንግተን ዲሲ ወደሚገኝ፣ ክራፍት የሚባለውን ቢራ ወደሚሠራ አንድ አነስተኛ ቢራ ጠማቂ ቤት ሄጄ ነበር፤ ቢራው ከመጠጫው አዳራሽ ጀርባ በቆሙት የብረት ጋኖች ተጠምቆ እዚያው በድራፍት መልክ የሚቀዳበት ቤት ነው። የቢራው ዓይነት ከሃያ ስለሚበልጥ መምረጥ ቢቸግረኝ አስተናጋጇ አራት ትንንሽ ብርጭቆ የተደረደረበት ሳንቃ አመጣችልኝ፤ ፍላይት ይሉታል። ባልደረቦቼ እያሸተቱ ስለ ማንጎ፣ ስለ ጥድ ሙጫና ስለ ዳቦ ቅርፊት ሲያወሩ እኔ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ያገኘሁት ምሬት ብቻ ነበር። አራተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው በምን እንደሚለይ ሳላውቅ 18 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ያደግሁት በጊዮርጊስና በሐረር ቢራ ስለሆነ፣ ቢራው ቀዝቃዛ ከሆነ ሌላ ነገር ጠይቄ አላውቅም። አሁን ግን ነገሩ እልህ ውስጥ አስገብቶኛል። የቀማሽ ምላስ ስለሌለኝ ነው ወይስ አካሄዴ ተሳስቷል? ከዚህም ሌላ አንደኛው ባልደረባዬ፣ አይ ፒ ኤ የሚባለው መራራ ቢራ ዘመኑ አልፎበታል፣ ሰዉ ሁሉ ላገር ወደሚባለው፣ እንደ ጊዮርጊስ ወዳለው ቢራ እየተመለሰ ነው ብሎኛል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ገና ሳልጀምረው ያለፈብኝን ነገር ለመማር ልደክም ነው ማለት ነው።

ብቅል በፀሐይ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚሁ ከተማ በአንድ ጠማቂ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የገለጹትን ሁኔታም በየሳምንቱ አየዋለሁ። ምላስዎ ምንም አልሆነ። በሁለተኛው ብርጭቆ የቀረበልዎ ደብል አይ ፒ ኤ ሳይሆን አይቀርም፤ አልኮሉ ስምንት በመቶ ገደማ የሚደርስ፣ ሆፕ የሚባለው መራራ አበባም እጅግ የበዛበት ቢራ ነው። የሆፕ ምሬት ምላስ ላይ ይቆያል። እርሱን አስቀድሞ የጠጣ ሰው ቀጥሎ የሚመጣለትን ስስ ቢራ ውኃ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ይሁን፤ ቀላልና ከባድ የሚለየው ግን በቀለም አይደለም። ብዙ የአገራችን ሰዎች ጥቁር ቢራ ሁሉ ኃይለኛ ይመስላቸዋል። ጊነስ በድራፍት ሲቀዳ አልኮሉ 4.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ወርቅ የሚያበራው የቤልጂጉ ዱቬል ግን 8.5 በመቶ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ብቅሉ ወይም ገብሱ ጠንክሮ ከመቆላቱ እንጂ ከአልኮሉ አይደለም። የአልኮሉ መጠን በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ በእርሱ ይደርድሩ፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ምሬቱ ያነሰው ይቅደም።

አንድ ስሌትም ልጨምር፤ ትንንሹ ብርጭቆ ያታልላልና። በሳንቃው ላይ የሚቀርበው እያንዳንዱ ብርጭቆ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አራቱም ስምንት በመቶ አልኮል ያለባቸው ቢሆኑ 480 ሚሊ ሊትር ይጠጣሉ፤ በውስጡ 30 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ ባለ አምስት በመቶ ጠርሙስ የሚይዘው 13 ግራም ነው። ቀመስኩ ብለው የሚነሡት ሰው ከሁለት ጠርሙስ በላይ ጠጥተው ነው የሚነሡት። መኪና ይዘው ከሄዱ ይህን ከመቀመጥዎ በፊት ያስቡበት።

ሌላው ሽታ ነው። ብርጭቆው እንደቀረበ፣ አረፋው ሳይጠፋ፣ ከመጠጣትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ያሽትቱ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው መዓዛው ነውና። አፍንጫዎ ሲደክም የራስዎን እጅጌ ያሽትቱ፤ ቀልድ አይደለም፣ ለለመደው ሽታ ሲመለስ አፍንጫ ያርፋል። በብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተጣበቁ የአየር ጠብታዎች ካዩ ደግሞ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበምና ያለ ይሉኝታ ያስቀይሩ።

ቡና ቀማሽ (አዲስ አበባ)

ብቅል በፀሐይ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በአንድ ነጥብ ግን እለያለሁ። የእኔ ሙያ የቡና ቅምሻ ነው። በእኛ ዘንድ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ ደረቁ ዱቄት ይሸተታል፤ ፈላ ውኃ ከፈሰሰበት ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ላዩ ላይ የረጋው ቅርፊት በማንኪያ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ነው በማንኪያ እየተጨለፈ በድምፅ የሚሳበው። ይህ ሁሉ ድካም የሚደረገው ተመሳሳይ የሆኑ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቃቅን ልዩነታቸውን ለማግኘት ነው። ይርጋጨፌን ከሲዳማ ለመለየት የሚማር ሰው በመካከላቸው ሻይ አስገብቶ አይቀምስም።

ፍላይት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። አንድ ላገር፣ አንድ አይ ፒ ኤ፣ አንድ ኮምጣጣ ቢራ፣ አንድ ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ ይደረደራሉ፤ ቀማሹም አራቱ እንደሚለያዩ ይማራል፤ ያንን ግን በዓይኑም ያየው ነበር። መማር ለሚፈልግ ሰው አራቱም ብርጭቆ አንድ ዓይነት ይሁን። ፒልስነር ከሚባለው የላገር ዓይነት ሦስት ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ አንደኛው የዳቦ፣ ሁለተኛው የሣር፣ ሦስተኛው የማር ጠባይ እንዳለው ይገባዋል።

በቤት የሚሠራ አንድ ፈተናም አለ፤ የሦስትዮሽ ፈተና ይባላል፤ ትልልቅ የምግብና የመጠጥ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። ሁለት የሚቀራረቡ ቢራዎች ይገዛሉ። ሌላ ሰው፣ እርስዎ ሳያዩ፣ በሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ይቀዳል፤ በሁለቱ አንደኛው ቢራ፣ በሦስተኛው ሌላው። የእርስዎ ሥራ የትኛው ጣመ ብሎ መፍረድ አይደለም፤ ልዩ የሆነውን ማግኘት ብቻ ነው። ትዕቢትን የሚያበርድ ፈተና እንደሆነ ከሙያዬ አውቃለሁ።

በቡናና በቢራ መካከል አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ የቀመስነውን እንተፋለን፤ የቢራ ዳኞች ግን ጥቂት ይውጣሉ። ምሬቱ ከጉሮሮ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከውጡም በኋላ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛ ምን እንደሚመስል ከዳኝነቱ ይቆጠራልና። ስለዚህ መፍትሔው መትፋት ሳይሆን ማሳነስ ነው። እዚህ አገር ብንሆን ጃምቦውን ትቶ ሲንግል ማዘዝ እንላለን። ቦሌ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን ለዓመታት ብሎንዲና ኢቦኒ የተባሉ፣ ያልተጣሩ ሁለት ቢራዎችን እዚያው እየጠመቀ ሲያቀርብ፣ ሁለቱን በሲንግል ጎን ለጎን አዝዞ የሚቀምስ ሰው አላየሁም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በረጅሙ ማማ መሰል ዕቃ አስሞልቶ ነበር የሚቀመጠው።

ጉሽ (ሚኒያፖሊስ)

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጠያቂው ወንድሜ ከጊዮርጊስና ከሐረር ቢራ ጀምሮ መቁጠሩ አላሳመነኝም። ጠላ ቀምሶ ያደገ ሰው እነዚህ ጠማቂ ቤቶች አዲስ ነገር አድርገው የሚያቀርቡትን ግማሹን በአፉ ያውቀዋል፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው።

ጭሱን ብንወስድ፣ እናቴ ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥነው ነበር። በጀርመን ባምበርግ ከተማ ሽሌንከርላ የሚባለው ቤት የሚጠምቀው የጭስ ቢራ አለ፤ እዚያ የሚታጠነው ዕቃው ሳይሆን ብቅሉ ነው፤ በቢች እንጨት ጭስ ይደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው አብረውኝ የነበሩት አሜሪካውያን በሙሉ የታጠነ ሥጋ ነው የሚሸተው ሲሉ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴ ጓዳ ገብቼ ነበር። ጌሾውም እንዲሁ ነው። ሆፕ በአውሮፓ ከመንገሡ በፊት ጠማቂዎቹ ግሩት የሚባል የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ እርሱን መልሰው የሚጠምቁ ቤቶች አሉ። እኛ ቅጠሉንና እንጨቱን ትተነው አናውቅምና የምንመለስበት ነገር የለም።

ሄዚ የሚሉት ድፍርስ አይ ፒ ኤ ደግሞ ከአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት ተነሥቶ አገሩን ሲያዳርስ፣ ቢራ እንደ ብርጭቆው ጥርት ማለት አለበት ብለው ያደጉ ሰዎች ተቆጥተው ነበር። ጉሽ ጠላ ለሚያውቅ ሰው ቁጣው አይገባውም። እርግጥ ድፍርስነታቸው አንድ አይደለም፤ የጠላው ከአሻሮውና ከእርሾው ሲሆን፣ የሄዚው ከአጃውና ከስንዴው ፕሮቲን እንዲሁም ከብዙው ሆፕ ነው። ጎዘ የሚባለውን የጀርመን ኮምጣጣ ቢራ ቢቀምሱ ደግሞ ጨውና ድንብላል ያገኙበታል።

ስለዚህ ምክሬ በራስዎ ቃላት ይቅመሱ የሚል ነው። ማንጎና ጥድ የባልደረቦችዎ ትዝታ ነው። ጎመዘዘ፣ ኮመጠጠ፣ ነፈሰበት፣ አሻሮ አሻሮ አለ፣ እንኩሮው ሳይበስል የቀረ ይመስላል ብለው በወረቀት ይጻፉ። በቤታችን የጠላ አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ከዋንጫው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። ከዚያች ጠብታ እናቴ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደቆየ ትናገራለች።

ሰባተኛው ብርጭቆ (ኮሎኝ)

ፍላይት የሚባለውን ነገር ከነሳንቃው ብናስቀረው ደስ ይለኛል። 120 ሚሊ ሊትር ቢራ በቀጭን ብርጭቆ አራት ሆኖ ሲደረደር፣ አራተኛው እስኪደረስበት ድረስ ሞቆ፣ አረፋው ወድቆ፣ ጋዙም ሄዶ ይጠብቃል። ያንን ቀምሶ ስለ ጠማቂው መፍረድ ግፍ ነው። እኔ በምኖርበት ከተማ ኮልሽ የሚባለው ቢራ በ0.2 ሊትር ቀጭን ብርጭቆ አንድ በአንድ ይቀርባል፤ አስተናጋጁ ባለቀ ቁጥር ሳይጠየቅ አዲስ እያመጣ ከብርጭቆው ሥር ባለው ካርቶን ላይ በእርሳስ ይሰርዛል። የበቃው ሰው ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ይከድነዋል። ትንሽም ነው፣ ትኩስ የተቀዳም ነው። እርግጥ ነው፣ ካርቶኑን መክደን የረሳ ሰው ምን እንደሚሆን ስሜ ይመሰክራል።

ብቅል በፀሐይ (ዋሽንግተን ዲሲ)

የኮሎኙ ወንድማችን ስለ አረፋው ያሉትን እቀበላለሁ። ብዙ ጠማቂዎችም በዚሁ ምክንያት ፍላይት ማቅረብ አይወዱም። ነገር ግን ሃያ ቢራ ፊት የቆመ እንግዳ አንድ ሙሉ ብርጭቆ አዝዞ ካልጣመው አይመለስም። እኔ የምመክረው መካከለኛ መንገድ አለ፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ማዘዝ። ደግሞም አንድ ጉንጭ እንድቀምስ ይፍቀዱልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አብዛኛው ቤት በነጻ ይሰጣል። በዴንቨር የሚካሄደው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል እንኳ የሚቀዳው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በ1982 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሲጀመር 24 ጠማቂዎች ብቻ ነበሩት።

አይ ፒ ኤ አልፎበታል ወይ ለሚለው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስ። ፍሪትዝ ሜይታግ በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውንና ሊዘጋ የደረሰውን አንከር ቢራ ጠማቂን ሲገዛ፣ አሜሪካ የምትጠጣው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስስ ላገር ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ ተፈቀደ፤ ከቤታቸው ማድቤት የጀመሩ ሰዎችም ወደ ንግዱ ወጡ። ሴራ ኔቫዳ የተባለው ጠማቂ በ1980 በካሊፎርኒያዋ ቺኮ ተነሥቶ ካስኬድ የተባለውን፣ የግሬፕፍሩት መዓዛ ያለውን ሆፕ ለሕዝብ አስተዋወቀ። በዚህች ከተማ እንኳ የሆይሪክ ጠማቂ በ1956 ከተዘጋ በኋላ፣ ቢራ አሽጎ የሚሸጥ ጠማቂ እንደገና የተገኘው ዲሲ ብራው በ2011 ሲከፈት ነው። ሠላሳ አርባ ዓመት ሙሉ ጉዞው ወደ ምሬትና ወደ ብዛት ነበር። ሄዚው ምሬቱን ቀንሶ የፍራፍሬ መዓዛውን አበዛ፤ በ2018 በዚያው ፌስቲቫል የራሱ የውድድር ዘርፍ ተሰጠው።

አሁን ግን ነፋሱ ተቀይሯል። በ2024 በአሜሪካ 430 አነስተኛ ጠማቂዎች ሲከፈቱ 529 ተዘግተዋል፤ የሚዘጋው ከሚከፈተው ሲበልጥ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያው ነው። አንከርም ራሱ በ2023 በሩን ዘግቷል፤ በኋላ ሌላ ባለሀብት ገዝቶታል። አይ ፒ ኤ ዛሬም ከክራፍት ቢራ ሁሉ በብዛት የሚሸጠው እርሱ ነውና ሞቷል ማለት ስሕተት ነው፤ ባልደረባዎ ስለ ላገር ያሉት ግን እውነት አለው። የቼክ ዓይነት በጎን የሚከፈት የድራፍት ቧንቧ የሚያስገጥሙ ቤቶች በዝተዋል፤ ወፍራምና እርጥብ አረፋ ያለው ላገር ይቀዳበታል። ጠማቂ ግን ላገር የሚጠምቀው ርካሽ ሆኖለት አይደለም። አይ ፒ ኤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ጋኑን ሲለቅ፣ ላገር በቅዝቃዜ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይተኛል፤ ጉድለቱን የሚሸፍንለት የሆፕ መዓዛም የለውም። ስለዚህ ወደ አዲስ ቤት ስገባ አስቀድሜ የማዝዘው ላገራቸውን ነው። እርሱን በደንብ የሠራ ጠማቂ ሌላው አያስቸግረውም።

ሌሊት ሾፌር (አሌክሳንድሪያ)

ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ታክሲ ስለምነዳ ከጓደኞቼ ጋር ስቀመጥ አልኮል የሌለውን ቢራ ነው የምይዘው። ቀድሞ ይህን የሚያዝዝ ሰው ሰበብ መደርደር ነበረበት፤ ዛሬ ግን በፈረንጆች 2017 እንደተመሠረተው እንደ አትሌቲክ ያሉ፣ ይህንኑ ብቻ የሚጠምቁ ድርጅቶች በየመደርደሪያው አሉ። ይህን ስናገር ሶፊ ማልትን የመሰለ ጣፋጭ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በእርሾ ተብላልቶ አልኮሉ የተቀነሰ ወይም ከጅምሩ በጥቂቱ ብቻ እንዲብላላ የተደረገ ነው። በአሜሪካ ሕግ አልኮል የሌለው ለመባል ከ0.5 በመቶ ማነስ ይበቃል፤ ፈጽሞ ለማይጠጣ ሰው ይህ ዜሮ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል። ስለ አቀማመሱ የተማርኩት አንድ ነገር፣ ከሙሉ ቢራ ቀጥሎ መቅመስ ይጎዳዋል፤ አልኮሉ ሲጎድል የቢራው ውፍረትም ስለሚሳሳ ለብቻው ሲቀመስ ነው የሚመሰገነው።

ጉሽ (ሚኒያፖሊስ)

ማንም ያላነሣው ምግቡን ነው። ጠያቂው ዓርብ ማታ ከቅምሻው በፊት የበሉት ዶሮ ወጥ ወይም አዋዜ ከነበረ፣ ምክሩ ሁሉ ከንቱ ነው። የበርበሬ ማቃጠልና የሆፕ ምሬት እርስ በርስ ይጋጋማሉ፤ አልኮሉም ያባብሰዋል። ለቅምሻ ደረቅ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ለገበታ ሲሆን ግን ከቀይ ወጥ ጋር ብቅል የሚያመዝንባቸውን፣ እንደ ሙኒክ ዱንክልና እንደ ቪየና ላገር ያሉትን አቀርባለሁ፤ የተቆላው ብቅል ከቁሌቱ ሽንኩርት ጋር ይስማማል። አይ ፒ ኤ ለዶሮ ወጥ የሚያቀርብ ሰው እንግዳውን አይወድም።

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት የሦስትዮሹን ፈተና ከባለቤቴ ጋር በቤታችን ሞከርነው። ሁለት የተለያዩ ፒልስነሮች ገዝቼ እርሷ ማድቤት እየቀዳች ስድስት ጊዜ ፈተነችኝ፤ አራቱን አገኘሁ። በግምት ብቻ ቢሆን ሁለት ያህል ነበር የማገኘው፤ ስለዚህ ምላስ እንዳለኝ ተረጋግጧል። የሚገርመው፣ አንደኛውን የለየሁት በጉሽ ምክር ነው፤ አሻሮ አሻሮ ይል ነበር። እርሷ በተራዋ ስድስቱንም ለየች፤ ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፣ ግን ከአጠገቤ ቆማ እያነበበች ነው።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ባልደረቦቼ ያመሰገኑትን ድፍርሱን አይ ፒ ኤ በጣሳ ከአንድ መደብር ገዝቼ ነበር፤ ማንጎ የተባለው ፈጽሞ የለም፤ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል። ጣሳውን ገልብጬ ባየው ከታሸገ ሰባት ወር ሆኖታል። የተቀመጠውም ከማቀዝቀዣ ውጪ በመደርደሪያ ላይ ነበር።

ብቅል በፀሐይ (ዋሽንግተን ዲሲ)

መልሱን ራስዎ ጣሳው ሥር አግኝተውታል። አየርና ሙቀት የሆፕን መዓዛ ይገድላሉ፤ ሄዚ ደግሞ ከሁሉ ፈጥኖ ይበላሻል። እኔ ከታሸገ ስድስት ሳምንት ያለፈውን አልገዛም፤ ከማቀዝቀዣ ውጪ የተቀመጠውንማ ዓይኑንም አላየው። ግማሹ ተርፎ ከሆነ ግን አይድፉት፤ ቅዳሜ ትኩሱን ገዝተው ሁለቱን ጎን ለጎን ይቅመሷቸው። ያረጀ ሆፕ ምን እንደሚመስል አንዴ ካወቁ ቀኑን ሳያነቡም ይለዩታል። በዚህኛው ግን ባለቤትዎ ይቅደሙ።